ኦፕን ሶርስ ላይ ኢንቴግራል አስገባሁ፣ ከ5 ኮከብ 4 ሰጥቻለሁ

ሰላም ናችሁ የጎንደር ልጆች፣ ሌሎቻችሁም። ዛሬ ሪቪው የማደርግላችሁ ምግብ ቤትም ስልክም አይደለም፣ ኦፕን ሶርስ ላይ (ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ፣ ማንም ሊያሻሽለው የሚችል ሶፍትዌር) ኮድ ማስገባት የሚባለውን ነገር ነው። እንዴ እሱ ደግሞ ሪቪው ይደረጋል ወይ ትሉኝ ይሆናል፣ ይደረጋል! እኔ ሰጪ ነኝ ብዬ ነበር የሄድኩት፣ ስጨርስ ግን ተገልጋዩ እኔ ሆኜ አገኘሁት፣ ለአገልግሎት ደግሞ ኮከብ ይሰጣል። የፕሮጀክቱን ስም አልጠራም ምክንያቱም መሀል ላይ ትንሽ ላማ ነው። ለውሃ ኢንጂነሮች የተሰራች ትንሽ የፓይተን (የፕሮግራም ቋንቋ ነው) ላይብረሪ፣ ማለትም ፕሮግራምህ ውስጥ የምትጠራት የተዘጋጀች ኮድ ናት በቃ፣ የጉድጓድ፣ የቦይ፣ የታንከር ስሌት ትሰራለች።

ነገሩ የጀመረው ከቤታችን ሮቶ ነው። ቤታችን አዘዞ በኩል ነው፣ ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው፣ ስለዚህ እንደ ሁሉም ሰው ጓሮ ሮቶ አለን። አንድ ቀን ቢሮ ለአንድ ታንከር ሙሉ በሙሉ ባዶ ለመሆን ስንት ሰዓት ይፈጅበታል የሚል ስሌት ተሰጠኝና ላይብረሪዋን በቤታችን ሮቶ ልሞክራት አልኩ። ዲያሜትሩ 1.2 ሜትር፣ ከመውጫው በላይ ያለው ውሃ 1.5 ሜትር፣ የመውጫው ቀዳዳ 2 ሳንቲ ሜትር። ውሃ ከቀዳዳ የሚወጣበት ፍጥነት በቶሪቼሊ ቀመር ከከፍታው ስኩዌር ሩት ጋር ነው የሚሄደው አይደል፣ ውሃው እያነሰ ሲሄድ ፍጥነቱም እየደከመ ይሄዳል፣ ስለዚህ ጠቅላላ ሰዓቱን ለማግኘት የውሃውን ወለል ስፋት ለከፍታው ስኩዌር ሩት እያካፈልክ ከላይ እስከ ታች መደመር ነው፣ ኢንቴግራል ማለት ይሄው ነው። ሮቶ ከላይ እስከ ታች ስፋቱ አንድ ስለሆነ በወረቀትም ይሰራል፣ የቀዳዳውን ኮፊሸንት (ውሃው ቀዳዳው ላይ ስለሚጠብ የሚያዝለት ግምት) 0.6 አድርጌ 3,318 ሰከንድ መጣልኝ፣ 55 ደቂቃ ከምናምን።

ላይብረሪዋ ግን ምን አለችኝ? ለዜሮ ማካፈል አይቻልም አለችኝ፣ በቀይ። ውስጧን ስከፍተው ሲምፕሰን የሚባለውን የኢንቴግራል ዘዴ ነው የምትጠቀመው፣ ያ ሁላችንም ሁለተኛ ዓመት የተማርነው 1፣ 4፣ 2፣ 4፣ 1 እያልክ የምታባዛው። ሲምፕሰን የግድ ጫፉ ላይ መርገጥ አለበት፣ ጫፉ ላይ ደግሞ ከፍታው ዜሮ ነው፣ ለዜሮ ስኩዌር ሩት ስታካፍል ያው ፈነዳ።

ምን ችግር አለው ከዜሮ ሳይሆን ከ1 ሚሊ ሜትር ልጀምር አልኩ (ቢሮ ያለነው ሰዎች ሁላችንም የምናደርገው ነው፣ አትዋሹ)። እርምጃውን በጣም አጥብቄ ሰራሁት፣ ከወረቀቱ መልስ 86 ሰከንድ ጎደለ። 1 ሚሊ ሜትር ውሃ እኮ ነው! ከ1,500 ሚሊ ሜትር አንዷ፣ ግን ከሰዓቱ 2.6 ፐርሰንት ትወስዳለች፣ ምክንያቱም መጨረሻ ላይ ውሃው እየተንቀረፈፈ ነው የሚወጣው። ይቺን 1 ሚሊ ሜትር ያዙልኝ፣ ወደ ኋላ ትመጣለች።

ከዛ ለምን በእውነት አልለካውም አልኩና ቅዳሜ ጠዋት ሮቶውን ከፈትኩት። ውሃ መድፋት ጎንደር ውስጥ ሀጢያት ስለሆነ ጎረቤት ሁሉ ጀሪካን ይዞ እንዲመጣ ነገርኩ፣ 1,700 ሊትር ማለት በባለ 20 ሊትሩ 85 ጀሪካን ነው፣ ሰፈሩ በሙሉ ግቢያችን ተሰለፈ። እማዬ ከቤተክርስቲያን ስትመለስ እኔ በስልክ ሰዓት ይዤ ቆሜአለሁ፣ «ምነው ልጄ፣ ሰው ውሃ ያጠራቅማል አንተ ለሀገሩ ታድላለህ?» «እማዬ ኢንቴግራል እየለካሁ ነው» «ኢንቴግራልህ ነው ነገ ልብስ የሚያጥበው?» ዝም አልኩ፣ ምን ይባላል። 58 ደቂቃ ወጣ፣ ልዩነቱን ለ0.6ዋ ሰጠኋት። እትዬ የጎረቤታችን እስካሁን ሲያገኙኝ «የኔ ጌታ ደግሞ መቼ ነው የምትለካው» ይሉኛል።

እና በዛው ሳምንት ላይብረሪዋ ላይ ኢሹ (የችግር ማመልከቻ) ከፈትኩ፣ ሜንቴነሩ (ላይብረሪዋን የሚያስተዳድራት ሰው) በማግስቱ መለሰልኝ፣ ልክ ነህ ይሄ ድክመት ነው አንተው ልትሰራው ትፈልጋለህ ወይ አለኝ። እኔ እዚህ ጋ ትንሽ ደነገጥኩ። ለምን ሳይፓይን፣ ትልቁን የፓይተን የሳይንስ ላይብረሪ፣ ዝም ብላችሁ አትጠሩም ብዬ ጻፍኩለት፣ የሳይፓይ ኢንቴግራል እኮ ውስጡ ኳድፓክ ነው፣ በ1983 እ.ኤ.አ. መጽሐፉ የወጣ፣ መጀመሪያ በፎርትራን (የድሮ የፕሮግራም ቋንቋ) የተጻፈ ኮድ፣ እስካሁን የሚያክለው የለም፣ ጫፉ ላይ የሚፈነዳ ፈንክሽንም ይችላል። እሱ ግን ላይብረሪዋ ሌላ ላይብረሪ ሳትፈልግ እንድትሰራ ነው የምንፈልገው አለ። እሱን ሳስበው ደስ አለኝ፣ እኔም እኮ የወደድኳት ለዚህ ነው፣ አሮጌው ላፕቶፔ ላይ ከባድ ነገር ሳታስጭነኝ ትሰራለች፣ ኔትወርክ በሌለበት ሳይት ላይ ስልኬ ላይም ሳይቀር አስነስቻታለሁ።

አሁን ወደ ሪቪው።

መጀመሪያ የላክሁት ፑል ሪኩዌስት (ኮዴን አስገቡልኝ የሚል ጥያቄ) በ3 ሰዓት ውስጥ ተዘጋ። ምክንያቱ ሒሳብ አይደለም፣ ላይሰንስ ነው፣ የኮድ አጠቃቀም ፈቃድ ማለት ነው። ኮዱን ከአንድ የታወቀ የስሌት መጽሐፍ ላይ ነበር ወደ ፓይተን የገለበጥኩት፣ የቫሪያብል ስም ቀይሬ። እኔ መጽሐፍ ላይ ያለ ነገር የሁሉም ነው ብዬ ነው የማስበው፣ ለካ ቀመሩ የሁሉም ነው እንጂ የተጻፈው ኮድ የጸሐፊው ነው፣ ገልብጠህ ፓይተን ብታደርገውም ያው ነው። ሜንቴነሩ ሳይሰድበኝ ነው የነገረኝ፣ መጽሐፉን ዝጋው፣ ቀመሩን ብቻ ከወረቀት ላይ ያዝ፣ ከዛ ራስህ ጻፈው አለኝ። አምስት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ስማር ይሄን ማንም አልነገረኝም፣ ፍላሽ ለፍላሽ ስንገለባበጥ ነው የተመረቅነው።

ሁለተኛው ላይ ታንሽ-ሳይንሽ የሚባለውን ዘዴ መረጥኩ። ታካሃሲ እና ሞሪ የሚባሉ ጃፓኖች በ1974 እ.ኤ.አ. ያወጡት ነው፣ ደብል ኤክስፖኔንሻልም ይሉታል። ሀሳቡ በጣም ቀላል ነው፣ ያ ጫፍ ላይ ያለውን ገደል (ለዜሮ የሚካፈልበትን ቦታ) ጎትተህ ጎትተህ ማለቂያ የሌለው ርቀት ላይ ታደርገዋለህ፣ ስኬሉን ትቀይረዋለህ ማለት ነው፣ ከዛ በአዲሱ ስኬል ላይ ፈንክሽኑ ግራና ቀኝ በፍጥነት ወደ ዜሮ የሚሞት ኮረብታ ይሆንልሃል፣ ከዛ ያቺን ተራ ትራፔዞይድ (በቀጫጭን ቁራጮች ከፍሎ መደመር) ትሰራበታለህ። ሞኝ የምንላት ትራፔዞይድ እዚህ ላይ ከሲምፕሰን ትበልጣለች፣ እርምጃውን በግማሽ ባሳጠርክ ቁጥር ትክክል የሆኑት ዲጂቶች እጥፍ እየሆኑ ይሄዳሉ ማለት ይቻላል። ኤምፒማዝ የሚባለው የፓይተን ላይብረሪ ዋና ዘዴው ይሄ ነው፣ ሳይፓይም ከ1.15 ጀምሮ ጨምሮታል። ኮዱ 60 መስመር አይሞላም። ጻፍኩት፣ ሮቶዬን ሰጠሁት፣ 3,318 አለኝ። ጨፈርኩ።

ላክሁት። ሁለተኛዋ ሪቪወር (ኮዱን የምትገመግመው፣ ሴት ናት፣ ስሟን አልጽፍም) አንድ መስመር ብቻ ጻፈችልኝ፣ «1 ሲካፈል ለስኩዌር ሩት ኤክስ፣ ከ0 እስከ 1 ስንት ይሰጥሃል? ሁሉንም ዲጂት አሳየኝ»። መልሱ 2 ነው። የኔ ኮድ 1.99999998 ምናምን አለ። እኔ ታዲያ ምን ችግር አለው 8 ዲጂት እኮ ነው አልኳት፣ ለውሃ ስራ 3 ዲጂት ካገኘን ድግስ ነው። «ኮምፒውተሩ ወደ 16 ዲጂት ይይዛል፣ አንተ 8 አገኘህ፣ ለምን ልክ ግማሹ?» አለችኝ። ሌላ ምንም አላለችም።

ይቺ ጥያቄ ሁለት ሳምንት አሰቃየችኝ። ቢሮ ስብሰባ ላይ ተቀምጬ ለምን ግማሹ፣ ታክሲ ውስጥ ለምን ግማሹ። እርምጃውን አሳጠርኩ፣ ንክች አላለም፣ 8 ዲጂት። መጨረሻ ላይ አንድ ማታ መብራት ጠፍቶ ሻማ ላይ በወረቀት ስሰራው ነው የገባኝ። ኮዴ ነጥቦቹን የሚያሰላው ከመሀል ተነስቶ ነው፣ ግማሽ ሲደመር ግማሽ ጊዜ ታንሽ (ከነጌቲቭ 1 እስከ 1 የምትሄድ ፈንክሽን)፣ ነጥቡ ወደ ዜሮ ሲጠጋ ታንሹ ወደ ነጌቲቭ 1 ይጠጋል፣ ሁለት የሚቀራረቡ ቁጥሮች ይቀናነሳሉ፣ ኮምፒውተሩ ደግሞ 16ኛው ዲጂት ላይ ስለሚያበቃለት ከዛ በታች ያለው ነጥብ ሁሉ ዜሮ ሆኖ ይቀራል፣ እኔም ዜሮ እንዳይፈነዳብኝ ዘልዬዋለሁ። ስለዚህ ከ0 እስከ 10 ፓወር ሲቀነስ 16 ድረስ ያለችውን ሚጢጢ ቁራጭ ጥያታለሁ። ቁራጯ ውስጥ ያለው ስንት ነው? 2 ጊዜ የእሷ ስኩዌር ሩት። የ10 ፓወር ሲቀነስ 16 ስኩዌር ሩት 10 ፓወር ሲቀነስ 8 ነው። ግማሹ! 

ገባችሁ? ያቺ 1 ሚሊ ሜትር እኮ ናት! ሮቶው ላይ ከ1,500 አንዷን ጥዬ 2.6 ፐርሰንት ጎደለብኝ፣ አሁን ደግሞ ከሚሊዮን ቢሊዮን አንዷን የማትሞላ ጥዬ ግማሽ ዲጂቶቼን በላችኝ፣ ያው ጥፋት ነው መጠኑ ብቻ ነው የተቀየረው። ዘመናዊ ዘዴ አመጣሁ ብዬ የድሮ ጥፋቴን ነው ይዤው የመጣሁት። ሻማውን ይዤ ብቻዬን ሳቅሁ፣ እማዬ «ምን ሆነ?» አለች ከጓዳ።

መድኃኒቱ አንድ መስመር ነው። ነጥቡን ከመሀል አታሰላው፣ ከጫፉ ያለውን ርቀት በቀጥታ አስላው፣ 1 ሲቀነስ ታንሽ ዩ ማለት እኮ በአልጄብራ 2 ሲካፈል ለ(1 ሲደመር ኢ ፓወር 2ዩ) ነው፣ እዚህ ውስጥ መቀናነስ የለም፣ ስለዚህ 10 ፓወር ሲቀነስ 100 ድረስም ብትሄድ ዲጂት አይጠፋም። ቀየርኩት፣ 2.0 አለ፣ እስከ ጫፉ። ላክሁላት፣ የደስታ ኢሞጂ ላከችና ወዲያው ሌላ ጥያቄ፣ «ገደሉ 0 ላይ ሳይሆን 1 ላይ ቢሆንስ?» አቤት። እዛ ጋ ርቀቱን አንተ ብታውቀውም ፈንክሽኑ የሚደርሰው ኤክስ ብቻ ነው፣ ኤክስ ደግሞ 1 ሆኖ ተጠጋግቷል። የሲ ፕላስ ፕላስ (ሌላ የፕሮግራም ቋንቋ) ላይብረሪው ቡስት ላይ እንዴት እንደፈቱት አሳየችኝ፣ ተጠቃሚው ከፈለገ ሁለት ነገር የሚቀበል ፈንክሽን ይሰጣል፣ አንዱ ኤክስ ሌላው ከጫፉ ያለው ርቀት። እኛም እንደዛው አደረግን።

እንዲህ አይነት አስተማሪ በገንዘብ ይገኛል? አይገኝም። አንድ ጊዜ ከፍዬ የተማርኩት ኮርስ አለ፣ ሰርተፍኬቱ ግድግዳ ላይ ነው፣ ምን እንደተማርኩ ግን ብትጠይቁኝ ፍሬሙ ቆንጆ ነው እላችኋለሁ። እዚህ ግን ለአንድ 60 መስመር ሁለት ሰው ቁጭ ብሎ አንዷን መስመር ሳይዘል አነበበልኝ። 2 ኮከብ ለዚህ ብቻ።

አንድ ሌላ የተማርኩትን ልንገራችሁ፣ ሳይፓይ ለምትጠቀሙ ይጠቅማል። የደወል ቅርጽ ያለውን ፈንክሽን፣ ኢ ፓወር ሲቀነስ ኤክስ ስኩዌርን፣ ከሲቀነስ 10,000 እስከ 10,000 ኢንቴግሬት አድርግ በሉት። መልሱ 1.772 ምናምን መሆን አለበት፣ እሱ ግን ዜሮ ሊባል የሚችል ቁጥር ይሰጣችኋል፣ ያውም የስህተት ግምቱን ዜሮ ብሎ፣ ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ! ሳይፓይ አልተበላሸም፣ የራሱ ዶክመንቴሽን ላይም አለ። መጀመሪያ 21 ነጥብ ይረግጣል፣ አንዷ ነጥብ ልክ መሀል ዜሮ ላይ ስለሆነች ኮረብታውን ታየዋለች፣ እዚህ ጋ የሆነ ነገር አለ ብሎ ክልሉን መሀሉ ላይ ለሁለት ይከፍለዋል፣ ከከፈለው በኋላ ግን ዜሮ የሁለቱም ጫፍ ሆነች፣ ጫፍ ላይ ደግሞ አይረግጥም፣ ቅርቡ ነጥብ ከኮረብታው 20 ምናምን ርቆ ነው ያለው። ስለዚህ ሁለቱም ግማሾች ሜዳ ነው አሉ። ፍየል የጠፋችበት ሰው መሀል ሜዳ ላይ አይቷት ሊፈልጋት ግራና ቀኝ እንደሄደ ማለት ነው። ሪቪወሯ ይሄንን ቴስት አድርገህ ጨምር አለችኝ፣ የኔም ኮድ ክልሉ እንዲህ ሲሰፋ ሊሸወድ ስለሚችል ዶክመንቴሽኑ ላይ ተጠቃሚው ክልሉን ራሱ እንዲያጠብ ጻፍን።

ቴስቱ ደግሞ! ኮዱ 60 መስመር፣ ቴስቱና ዶክመንቴሽኑ 300 አለፈ። ፑሽ ባደረግክ (ኮዱን ወደ ኢንተርኔት በላክህ) ቁጥር ሮቦቱ በየፓይተኑ ቨርዥን ላይ ይሞክረዋል፣ ስሙ ምን ይባላል ብትሉኝ ኮንቲኒየስ ኢንቴግሬሽን፣ ኢንቴግሬሽን ጽፌ ኢንቴግሬሽን ጣለኝ እያልኩ ለጓደኞቼ ስቀልድ ማንም አልሳቀልኝም። በፓይተን 3.8 ላይ ወደቀብኝ፣ ኔክስትአፍተር የምትባል ፈንክሽን ተጠቅሜ ነበር፣ እሷ 3.9 ላይ ነው የመጣችው። አስወገድኳት። ከዛ ቲ (በአዲሱ ስኬል ላይ ያለው ቁጥር) 6.1ን ሲያልፍ ኤክስፖኔንሻሉ ኮምፒውተሩ ከሚይዘው አልፎ ፈነዳ፣ እሱንም አሰርኩት። ለዶክመንቴሽኑ ምሳሌ ሮቶዬን ሰጠኋቸው፣ «ሮቶ ምንድነው?» አሉኝ፣ አስረዳሁ፣ «ሲሊንደር ታንክ» ብለው ቀየሩብኝ። ትንሽ ቅር ብሎኛል።

አሁን የቀነስኳትን 1 ኮከብ። የፈንክሽኑን ስም ምን እንበለው በሚል ብቻ አንድ ወር ከሳምንት ጠፍቷል። ከየት እንደመጡ የማላውቃቸው ሰዎች፣ ኮዱን ያላነበቡ፣ አንዱ በአጭሩ ይሁን አንዱ በረጅሙ ይሁን እያሉ፣ የስህተት ልኩ መለኪያ ስም ላይ ደግሞ ሌላ ክርክር። ሒሳቡ ላይ አንድ ሰው አልተከራከረም! ስም ላይ ግን ሁሉም አዋቂ ነው፣ ክርስትና ማንሳት መሰላቸው። ሜንቴነሩ በመሀል ለሶስት ሳምንት ጠፋ፣ በነፃ ነው የሚሰራው አውቃለሁ፣ ግን አንድ መስመር «ስራ በዝቶብኝ ነው» ቢል ምን ነበረበት። እኔ ተስፋ ቆርጬ ልዘጋው ሁሉ ነበር።

በኛ በኩል ያለውንም ልናገር እንጂ። ፑሽ የማደርገው ፒያሳ ካለ አንድ ካፌ ነው፣ ፎቅ ላይ ከተቀመጣችሁ ግንቡ ይታያል፣ ማኪያቶው አሪፍ ነው፣ ዋይፋዩ ግን ፓስወርዱ በየቀኑ ይቀየራል ይላሉ እንጂ የሚቀየረው ፍጥነቱ ነው። ጀነሬተር አላቸው፣ ለኤስፕሬሶ ማሽኑ እንጂ ለሶኬቱ አይደለም፣ እሱን ለማወቅ አንድ ኮሚት (የተመዘገበ የኮድ ለውጥ) አጥቻለሁ። ለጥምቀት ሰሞን ደግሞ አትሞክሩት፣ ከተማው በእንግዳ ሞልቶ ስልኩም ዳታውም ይጨናነቃል፣ እኔ የጥር 11 ዋዜማ ለሪቪወሯ መልስ ልልክ ስል አንድ ሰዓት ሙሉ ሲሽከረከር ቆየ፣ ትቼው ታቦት ልሸኝ ወረድኩ። ማታ የፋሲል መዋኛ አጥር ጋ ቆሜ ከቀሃ የተሞላውን ውሃ እያየሁ ይሄ ሁሉ ሲለቀቅ ስንት ሰዓት ይፈጅበታል እያልኩ ሳሰላ ጓደኛዬ «ጸልይ እንጂ!» ብሎ በክርኑ ጎሸመኝ።

የጊት ነገር፣ ጊት ለማታውቁ፣ የኮድ ለውጥ የሚመዘግብ ፕሮግራም ነው፣ አትፍሩት፣ ጥሩ ጎኑ ኔትወርክ ሳይኖር ኮሚት ማድረግ መቻሉ ነው፣ ቤት ቁጭ ብለህ ሰርተህ ቅዳሜ ካፌ ሄደህ በአንዴ ትገፋዋለህ። የላይብረሪው ሙሉ ዳውንሎድ መጀመሪያ ላይ አንዴ ነው፣ ከዛ በኋላ የምትልከው ጽሁፍ ብቻ ስለሆነ ዳታ አይበላም። እንግሊዝኛዬ ሰባራ ነው፣ ማንም አላሾፈም፣ ይሄንንም ጻፉልኝ።

ገባ። በአራተኛ ወሩ መጨረሻ፣ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ፣ ሐምራዊዋ ምልክት፣ መርጅድ፣ ኮዱ ተቀላቀለ ማለት ነው። ስሜ በላቲን ፊደል ተሳስቶ ነው የተጻፈው፣ ሁለተኛ ፑል ሪኩዌስቴ እሱን ማስተካከል ነበር፣ እሷ በ10 ደቂቃ ገባች። ቢሮ ላይብረሪዋን አፕዴት አድርጌ ያንን የድሮ ታንከር ደግሜ ሰራሁት፣ ከ1 ሚሊ ሜትር ሳይሆን ከዜሮ፣ አለቃዬ «ያው አይደል እንዴ?» አለኝ፣ እሽ ያው ነው አልኩት።

ሰሞኑን ደግሞ አንድ የማላውቀው ሰው ኢሹ ከፍቷል፣ እስከ ኢንፊኒቲ የሚሄድ ኢንቴግራል ስሰጠው ይወድቃል ይላል። ልክ ነው፣ የኔው ሁለት ጫፍ ላለው ብቻ ነው የተሰራው፣ ለኢንፊኒቲ ስኬሉ በሌላ መንገድ ነው የሚቀየረው፣ ኤክስፕ-ሳይንሽ የሚባል ወንድም አለው። ሜንቴነሩ ስሜን መድቦበታል፣ ሳይጠይቀኝ። ቅዳሜ ከሰዓት ካፌው ፎቅ ላይ ነኝ፣ ሶኬት አጠገብ ያለችው ጠረጴዛ፣ ሒሳብ የሚወድ ካለ ይምጣ፣ ቻርጀሩን ግን ሞልቶ ይምጣ።